የድሮ ጦር ሰፈር መሬት ላይ ዲቴክተር ከማብራታችሁ በፊት፦ ለመሀል አዲስ አበባ ዝርዝር መመሪያ

ዲቴክተር፣ ማለትም የብረት መፈለጊያ መሣሪያ፣ አላችሁ እንበል። ዘመድ ከውጭ አምጥቶላችሁ ይሆናል፣ ወይም ራሳችሁ ገዝታችሁት ይሆናል። ቅዳሜ ከሰዓት ይዛችሁት ወደ ጃንሜዳ ወይም ወደ አራተኛ ክፍለ ጦር ብቅ ለማለት አስባችኋል። ይህ መመሪያ ለእናንተ ነው። መሠረት ሲያስቆፍሩ የዛገ ብረት ለወጣባቸው ሰዎችም ይጠቅማል።

የድሮ ጦር ሰፈር መሬት ሦስት ባለጉዳይ አለው። አንደኛው መሬቱን የያዘው ነው። ሁለተኛው ከመሬቱ በታች ላለው ታሪክ ኃላፊ የሆነው መሥሪያ ቤት ነው። ሦስተኛው ሊፈነዳ በሚችለው ነገር ላይ ሥልጣን ያለው ፖሊስና መከላከያ ነው። የአንዱ እሺታ የሌላውን አይተካም። ብዙ ሰው ከጥበቃው ጋር ተግባብቶ መግባቱን እንደ ፈቃድ ይቆጥረዋል። ጥበቃው ግን ከሦስቱ አንዱም አይደለም።

ደረጃ 1፦ ቦታው ድሮ ምን እንደነበር አጣሩ

መሀል አዲስ አበባ ውስጥ ወታደር ያልረገጠው መሬት ጥቂት ነው። ጃንሜዳን ዛሬ የምናውቀው በጥምቀትና በስፖርት ነው። በነገሥታቱ ዘመን ግን የጦር ሰልፍ የሚታይበት፣ ፈረስ የሚጋለብበት ሜዳ ነበር። አራተኛ ክፍለ ጦር ሰኔ 1966 ደርግ የተመሠረተበት ግቢ ነው፤ ሰፈሩ እስከ ዛሬ በዚሁ ስም ይጠራል። ስድስት ኪሎ ያለው ገነተ ልዑል ቤተ መንግሥት፣ አሁን ዩኒቨርሲቲው ያለበት፣ በጣሊያን ጊዜ የግራዚያኒ መቀመጫ ነበር። የካቲት 12 ቀን 1929 አብርሃ ደቦጭና ሞገስ አስገዶም ቦምብ የወረወሩበት ግቢ ያ ነው።

ካምፕ ብቻ አትቁጠሩ። ውጊያ የነበረበትም መሬት ያው ነው። ታኅሣሥ 1953 በመፈንቅለ መንግሥቱ ሙከራ ክብር ዘበኛና ምድር ጦር የተታኮሱት መሀል ከተማ ነው። ግንቦት 20 ቀን 1983 ጠዋት ምኒልክ ቤተ መንግሥት ዙሪያ ውጊያ ነበር። ከሳምንት በኋላ፣ ግንቦት 27፣ አዲስ አበባ ውስጥ የነበረ የጥይት መጋዘን ፈንድቶ ብዙ ሰው አለቀ። ጋዜጠኛው መሐመድ አሚን እጁን ያጣው፣ የድምፅ ባለሙያው ጆን ማታይ ሕይወቱ ያለፈው በዚያ ፍንዳታ ነው። መጋዘን ሲፈነዳ ደግሞ ሁሉም ተቃጥሎ አያልቅም። ያልፈነዳው ተበትኖ የትም ይወድቃል።

ታዲያ እንዴት ይጣራል? ከሰፈሩ አዛውንቶች ጀምሩ። «እዚህ ወታደር ነበረ ወይ?» ብላችሁ ብቻ አትለፉ። ግምጃ ቤቱ በየት በኩል እንደነበር ጠይቁ። ምሽግ ተቆፍሮ እንደነበር፣ ቆሻሻ የሚቀበርበት ጥግ የት እንደነበር ጠይቁ። ጡረታ የወጣ ወታደር ካገኛችሁ ቡና ጠጡና ጊዜ ስጡት፤ ከማንኛውም ካርታ የተሻለ ይነግራችኋል። ከዚያ የቆዩ የአየር ላይ ፎቶዎችን በስፔስ ሳይንስና ጂኦስፓሻል ኢንስቲትዩት፣ የጽሑፍ መዛግብትን በወመዘክር (በብሔራዊ ቤተ መዛግብትና ቤተ መጻሕፍት) ጠይቁ።

አንድ ነገር ልብ በሉ። የመሀል ከተማው አፈር እንደተቀመጠ አልቆየም። መስቀል አደባባይ ከመሬት በታች ለተሠራው የመኪና ማቆሚያ በጥልቀት ተቆፍሯል። በ2012 ኮሮና ሲገባ አትክልት ተራ ወደ ጃንሜዳ ተዛውሮ ነበር፤ ሜዳውም ለዚሁ ሲባል ተነካክቷል። በኮሪደር ልማቱ ከፒያሳ እስከ አራት ኪሎ ያልተገለበጠ መንገድ የለም ማለት ይቻላል። ከአንድ ቦታ ተቆፍሮ በገልባጭ የተጫነ አፈር ሌላ ቦታ ሙሌት ይሆናል። ስለዚህ «እኛ ግቢ ካምፕ ሆኖ አያውቅም» ማለት ብቻውን ዋስትና አይሆንም። ሙሌቱ ከየት እንደመጣ ጠይቁ።

ደረጃ 2፦ መሬቱ ዛሬ በማን እጅ ነው?

በሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 40 መሬት የመንግሥትና የሕዝብ ነው። ግለሰብም ሆነ ድርጅት ያለው ይዞታ ነው። ስለዚህ የምትፈልጉት የባለይዞታውን የጽሑፍ ፈቃድ ነው። የቃል እሺታ ፖሊስ ሲመጣ አያድንም።

የድሮ ጦር ሰፈሮች ዕጣ ለየቅል ሆኗል። አንዳንዱ አሁንም የመከላከያ ነው። በር ላይ ወታደር ባይቆምም፣ አጥሩ ቢፈርስም የመከላከያ ነው። እንዲህ ዓይነቱን ከነጭራሹ ተዉት። ፎቶ እንኳ አታንሱ። ቤተ መንግሥቶችና ዙሪያቸውም እንደዚሁ ናቸው። ሌላው ወደ ትምህርት ቤት፣ ወደ መናፈሻ፣ ወደ ኮንዶሚኒየም፣ ወደ ግል ሊዝ ተላልፏል። የማን እንደሆነ ለማወቅ ቦታው ያለበትን ክፍለ ከተማ፣ አራዳ ይሁን ቂርቆስ ወይም ልደታ፣ የመሬት ጽሕፈት ቤት ጠይቁ። የግል ከሆነ ባለይዞታው ካርታውን ያሳያችሁ። ስሙ ከመታወቂያው ጋር ይመሳከር።

የቀበሌ ቤት ውስጥ የምትኖሩ ደግሞ ይህን ያዙ። ግቢው የኪራይ ነው። ተከራይ መሬት እንዲቆፈር መፍቀድ አይችልም። ኮንዶሚኒየም ላይም ግቢው የጋራ ስለሆነ ነገሩ የማኅበሩ ነው እንጂ የአንድ ነዋሪ አይደለም።

መናፈሻ፣ የመንገድ ዳር አረንጓዴ ቦታና የወንዝ ዳርቻስ? ለሕዝብ ክፍት መሆኑ ለአካፋ ክፍት ነው ማለት አይደለም። ሳር መንቀል ብቻውን ከደንብ አስከባሪ ጋር ያጋጫል። ከሳሩ በታች ደግሞ በኮሪደር ልማቱ የተቀበረ የመብራትና የቴሌ መስመር አለ። ዲቴክተሩ ለኤሌክትሪክ ገመድም ለማርትሬዛ ብርም እኩል ነው የሚጮኸው።

ደረጃ 3፦ የቅርስ ሕጉን እወቁ

ሰዉ የማያውቀው ይህንን ነው። ዋናው ሕግ የቅርስ ጥናትና አጠባበቅ አዋጅ ቁጥር 209/1992 ነው። አዋጁ ቅርስን ለማግኘት የሚደረግ ፍለጋም ሆነ ጥናት ያለ ቅድሚያ ፈቃድ እንዳይካሄድ ይከለክላል። ፈቃድ ሰጪው የቅርስ ጥናትና ጥበቃ ባለሥልጣን ሲባል የኖረው፣ አሁን የኢትዮጵያ ቅርስ ባለሥልጣን የተባለው መሥሪያ ቤት ነው።

ልብ በሉ፣ ክልከላው ከቁፋሮ ይቀድማል። ፍለጋው ራሱ ፈቃድ ይጠይቃል። «አልቆፈርኩም፣ ዝም ብዬ እየፈተሽኩ ነበር» የሚለው መልስ የማያዋጣው ለዚህ ነው። ታሪካዊ ቦታ ላይ የድሮ ዕቃ ለማግኘት ብላችሁ ማሽኑን ካበራችሁ ፈላጊ ናችሁ።

ዩቲዩብ ላይ የምታዩት የእንግሊዝ ቪዲዮ ሊያሳስታችሁ ይችላል። እዚያ መሬት የግል ነው። ገበሬው ከፈቀደ ሰውየው ማሳው ላይ ይፈትሻል። በ1996 እ.ኤ.አ. የወጣው የውድ ግኝቶች ሕጋቸውም ለአግኚውና ለባለመሬቱ ክፍያ የሚያገኙበት መንገድ አበጅቷል። እዚያም ቢሆን የመከላከያ መሬት ላይ እንደፈለጉ አይገባም። የእኛ መነሻ ግን ከሥሩ ይለያል። በፍለጋ የተገኘ ቅርስ የመንግሥት ነው። የ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ ስለተቀበረ ሀብት የሚናገረውን ጠቅሶ «ለአግኚው ድርሻ አለው» የሚል ሰው አይጠፋም። ያው ሕግ ጥንታዊ ዕቃዎችን ለልዩ ሕግ እንደተወ ግን አይነግራችሁም።

«ቅርስ ማለት ሐውልትና ብራና ነው፣ የወታደር ቁልፍ ምን ቅርስ አለው?» የሚልም አለ። የአዋጁ ትርጉም ሰፊ ነው። በሰው ልጅ የፈጠራ ችሎታና የሥራ ውጤት ሆኖ በሳይንስ፣ በታሪክ፣ በባህልና በሥነ ጥበብ ከፍተኛ ዋጋ ያለው ነገር ቅርስ ነው። የክብር ዘበኛ ቆብ ላይ የነበረ የናስ አንበሳ፣ የውጅግራ ጠመንጃ ቀለህ፣ የጣሊያን ወታደር የአንገት መለያ፣ ሁሉም ሊሆን ይችላል። የሚወስነውም ባለሙያው ነው። እናንተም ሻጩም አይደላችሁም።

ደረጃ 4፦ ማመልከቻ

እውነቱን ልንገራችሁ። ባለሥልጣኑ ፈቃድ የሚሰጠው የሙያና የገንዘብ አቅምን መዝኖ፣ ዓላማውን አይቶ ነው። «በትርፍ ጊዜዬ ልዝናና» የሚል ማመልከቻ ብዙ ተስፋ አይጣልበትም። የተሻለው መንገድ ከባለሙያ ጋር መሥራት ነው። አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የአርኪኦሎጂና የቅርስ አስተዳደር ትምህርት ክፍል አለው። መሣሪያው ካላችሁ፣ አጠቃቀሙን ከቻላችሁ፣ በተፈቀደ ጥናት ውስጥ በረዳትነት ለመግባት ጠይቁ።

በራሳችሁ ስም መጠየቅ ካለባችሁ፣ ለምሳሌ ይዞታችሁ ላይ ግንባታ ከመጀመሩ በፊት ማስፈተሽ ከፈለጋችሁ፣ ደብዳቤው አጭርና ግልጽ ይሁን።

ለኢትዮጵያ ቅርስ ባለሥልጣን
አዲስ አበባ

ጉዳዩ፦ በብረት መፈለጊያ መሣሪያ ፍተሻ ለማካሄድ ፈቃድ ስለመጠየቅ

በ………… ክፍለ ከተማ ወረዳ ….. የካርታ ቁጥር ………… በሆነው ይዞታ ላይ ………… ለመገንባት አቅደናል። ቦታው ቀደም ሲል የጦር ሰፈር እንደነበር ከነዋሪዎች ተረድተናል። ስለሆነም ቁፋሮ ከመጀመሩ በፊት በባለሙያ ፍተሻ እንዲደረግ፣ ወይም ባለሥልጣኑ በሚሰጠው መመሪያ መሠረት እንድናስፈትሽ እንዲፈቀድልን እንጠይቃለን። የይዞታ ማረጋገጫና የቦታው ንድፍ ….. ገጽ ከዚህ ጋር ተያይዟል።

ከሰላምታ ጋር

ግልባጭ፦
ለወረዳው ፖሊስ ጣቢያ
ለክፍለ ከተማው ባህልና ቱሪዝም ጽሕፈት ቤት

ግልባጩን አትናቁት። ሦስቱ ባለጉዳዮች የሚተዋወቁት በዚያ ነው። በሁለት ኮፒ ይዛችሁ ሂዱ። አንዱን መዝገብ ቤት አስገቡ። ሁለተኛው ላይ የገቢ ቁጥር፣ ቀንና ማኅተም አስደርጋችሁ መልሳችሁ ያዙ። መልስ ስትከታተሉ የምትጠየቁት ያንን ቁጥር ነው።

መሣሪያውን ገና ከውጭ የምታስመጡ ከሆነ ደግሞ ከመግዛታችሁ በፊት ጉምሩክ ኮሚሽንን ጠይቁ። ቦሌ ስትገቡ በግልጽ አስመዝግቡ። ሻንጣ ሥር የተደበቀ ዲቴክተር ጥያቄ ያስነሳል። የተመዘገበ ግን ሰነድ አለው።

ደረጃ 5፦ የሚፈነዳውን ለዩ፣ ከዚያ ራቁ

ከዚህ መመሪያ አንድ ክፍል ብቻ የምታነቡ ከሆነ ይህን አንብቡ።

የዲቴክተር ጥቅል ሽቦ መግነጢሳዊ ሞገድ ይለቃል። ከመሬት በታች ያለ ብረት ሲነካው መልስ ይሰጣል። ማሽኑ ያንን መልስ ወደ ድምፅ ይቀይረዋል። የሚነግራችሁ ብረት መኖሩን፣ ሲበዛም የብረቱን ዓይነት በግምት ነው። ቆርኪ ይሁን የቦምብ መቀስቀሻ አይነግራችሁም። የአዲስ አበባ አፈር ከእሳተ ገሞራ ድንጋይ የመጣ፣ የብረት ማዕድን የበዛበት ስለሆነ የሐሰት ጩኸቱም ብዙ ነው። ስለዚህ «ስክሪኑ ብር ነው ብሏል» ብሎ እጅ መስደድ ሞኝነት ነው።

አሮጌ ፈንጂ አርጅቷል ብላችሁ አትናቁት። መቀስቀሻው ሲዝግ ጠባዩ አይታወቅም። በ20ኛው ክፍለ ዘመን መጀመሪያ ብዙ የመድፍ ጥይቶች የሚሞሉት በፒክሪክ አሲድ ነበር። ይህ አሲድ ከብረት ጋር ሲቆይ በትንሽ ምት የሚፈነዳ ጨው ይሠራል። ከተሠራበት ቀን ይልቅ ዛሬ ሊብስ ይችላል ማለት ነው።

ምን ይመስላሉ? የጣሊያን የእጅ ቦምብ ከአናናስ ጋር የሚመሳሰል እንዳይመስላችሁ። በዚያ ዘመን ከያዟቸው አንዱ በመዳፍ ውስጥ የሚገባ፣ ከአሉሚኒየም የተሠራ፣ ቀይ ቀለም የተቀባ ትንሽ ጣሳ ነበር። ቀለሙ ሲለቅ የተጨፈለቀ የለስላሳ ቆርቆሮ ይመስላል። ሕፃን ልጅ ደስ ብሎት ነው የሚያነሳው። የሞርታር ጥይት ጅራቱ ላይ ክንፍ አለው። አፈር ውስጥ ክንፉ ረግፎ ከሆነ የውኃ ቧንቧ ቁራጭ ነው የሚመስለው። ተራ ጥይትም አለ። ቀለህ ብቻ ከሆነ አፉ ክፍት ነው፣ ቂጡ መሀል ላይም መርፌ የመታው ጎድጓዳ ይታያል። አፉ ላይ እርሳሱ ካለ፣ ቂጡም ካልተመታ፣ ያልተተኮሰ ነው። ይህን የነገርኳችሁ በዓይን እንድትለዩት ነው። በእጅ አንስታችሁ አታገላብጡት።

ከጠረጠራችሁ እንዲህ አድርጉ። እጃችሁን አንሱ። ማሽኑን አጥፉት። ያወጣችሁትን አፈር መልሳችሁ አትድፉበት፣ ውኃም አታፍስሱበት። በመጣችሁበት መንገድ፣ ዱካችሁን ተከትላችሁ ውጡ። ስልክ የምትደውሉት ራቅ ብላችሁ ነው፤ አጠገቡ ቆማችሁ አይደለም። መቶ ሜትር ወይም ከዚያ በላይ፣ ከተቻለ ከግንብ ጀርባ ሁኑ። ለፖሊስ 991 ደውሉ። እሳት ወይም የተጎዳ ሰው ካለ 939 ጨምሩ። የቦታውን ምልክት በአዲስ አበባኛ ንገሯቸው፤ ከየትኛው ቤተ ክርስቲያን ጀርባ፣ ከየትኛው ማደያ ፊት ለፊት እንደሆነ። ፖሊስ እስኪደርስ ሰው እንዳይጠጋ የሚጠብቅ ሰው አቁሙ። ልጆቹን በተለይ።

ፈጽሞ የማይደረገው ደግሞ ይህ ነው። ለቆራሌው አትስጡ። ናስ ኪሎው ብር ያወጣልና ፈተናው ይገባኛል። ነገር ግን ያ ብረት ከእናንተ እጅ ወጥቶ ምናለሽ ተራ ይገባል። እዚያ ቁጭ ብሎ በመዶሻ የሚቀጠቅጠው ሰው ልጆች አሉት። ጥይቱን ወይም የዛገውን ጠመንጃ ለማስታወሻ ቤት አስገብቶ ማስቀመጥም አይሆንም። የጦር መሣሪያ አስተዳደርና ቁጥጥር አዋጅ ቁጥር 1177/2012 ያለ ፈቃድ መሣሪያና ጥይት መያዝን ይከለክላል። «የአያቴ ዘመን ነው» የሚል ፈቃድ የለም።

ደረጃ 6፦ ሳትፈልጉት ከተገኘ

ለመሠረት ወይም ለፍሳሽ መስመር ስትቆፍሩ ሳንቲም፣ ጎራዴ ወይም ማኅተም ቢወጣ ሕጉ አጥፊ አያደርጋችሁም። የአዋጁ አንቀጽ 41 ለዚህ ነው የተጻፈው። ወዲያውኑ ለባለሥልጣኑ ታሳውቃላችሁ። እስኪረከባችሁ ድረስ እንዳለ ትጠብቁታላችሁ። ባለሥልጣኑም መርምሮ፣ ተረክቦ ይመዘግባል። ላስረከበ ሰው ተገቢው ሽልማት እንዲሰጠው፣ ያወጣው ወጪም እንዲተካለት አዋጁ ያዛል። ባለሥልጣኑ በስድስት ወር ውስጥ ተገቢውን ካላደረገ፣ ዝርዝሩን በጽሑፍ ለክልሉ፣ እዚህ ማለት ለከተማው፣ አስተዳደር አሳውቃችሁ ከኃላፊነት መውጣት ትችላላችሁ።

አያያዙ ላይ ጠንቃቃ ሁኑ። ሥራውን እዚያ ነጥብ ላይ አቁሙ። ዕቃውን ሳታነሱ ፎቶ አንሱት፤ አጠገቡ የአንድ ብር ሳንቲም አስቀምጡ፣ መጠኑ እንዲታወቅ። ጥልቀቱን በሜትር ለኩ። የስልካችሁን የቦታ ነጥብ መዝግቡ። ቀኑን፣ ሰዓቱን፣ መጀመሪያ ያየውን ሠራተኛ ስም ጻፉ። ፎርማኑና የኤክስካቫተር ሾፌሩ ሥራ ከመጀመሩ በፊት ይህን ይወቁት። የቀን ሠራተኛ ያገኘውን ኪሱ የሚከተው ብትነግሩት ሥራ የሚያሳጣው ስለሚመስለው ነው። ላገኘ ሰው ቀኑ እንደማይቆረጥበት ጠዋት ላይ ንገሩት።

ዕቃውን አታጽዱት። የማርትሬዛ ብር ታውቃላችሁ፦ ባለሻሽዋ እመቤት፣ 1780 የሚል ቁጥር፣ 28 ግራም የሚጠጋ ክብደት። ቁጥሩ ሁሌም 1780 ነው፤ ንግሥቲቱ ከሞተች በኋላም በዚያው ዓመት ስም ሲመታ ኖሯል። ስለዚህ ዕድሜውን ከቁጥሩ አታገኙትም። የሚነግራችሁ አጠገቡ የነበረው ነው፤ አፈሩ፣ ቀለሁ፣ የተቃጠለው እንጨት። በሎሚና በአመድ ፈትጋችሁ ስታበሩት ጥቁሩን ብቻ አይደለም የምታነሱት፣ በላዩ ያለውን ጽሑፍና ቅርጽም ትበሉታላችሁ። እንደወጣ በንጹሕ ወረቀት ጠቅልሉት። ፕላስቲክ ውስጥ አፍናችሁ አታስቀምጡ፣ እርጥበቱ ይጎዳዋል።

ባለሥልጣኑ አምስት ኪሎ፣ ብሔራዊ ሙዚየም አጠገብ ነው። ስታስረክቡ የርክክብ ሰነድ ተቀበሉ። የዕቃው ዝርዝር፣ የተቀባዩ ስምና ፊርማ፣ ማኅተም ይኑርበት። ሽልማቱንም ወጪውንም የምትጠይቁት በዚያ ነው።

መሸጥ ላሰባችሁ፣ ቸርችል ጎዳና የስጦታ ዕቃ ሱቆች መስኮት ላይ አሮጌ ብር ታያላችሁ። እሱን አይታችሁ «ይሸጣል ማለት ነው» አትበሉ። ከመሬት ወጥቶ ያልተመዘገበ ቅርስ መሸጥ እስራት የሚያስከትል ጉዳይ ነው። ወደ ውጭ ለሚሄድ ዘመድ መስጠትም እንዲሁ። ያለ ፈቃድ ቅርስ ከአገር አይወጣም፤ ቦሌ ላይ ፍተሻ አለ። የሚያዘውም ዘመዳችሁ ነው።

ያለ ስጋት ልትሠሩባቸው የምትችሉ ቦታዎች

ማሽኑን ሣጥን ውስጥ ክተቱት እያልኩ አይደለም። በገዛ ግቢያችሁ፣ ሙሌቱ ከየት እንደመጣ አውቃችሁ፣ የጠፋ ቀለበት ፈልጉበት። ሠርግ ቤት ድንኳን ሥር ሣር ውስጥ የወደቀ የጆሮ ጌጥ በደቂቃዎች ይገኛል፤ የግቢው ባለቤት አጠገባችሁ ቆሞ ይይ። ግድግዳ ከመብሳታችሁ በፊት ፌሮው የት እንዳለ እዩበት። የተቀበረ የውኃ ቧንቧና የግቢ ወሰን ብረት ፈልጉበት። መልመድ ከፈለጋችሁ በባልዲ አሸዋ ውስጥ ሚስማር፣ ቆርኪ፣ የአሉሚኒየም ቁራጭና የአንድ ብር ሳንቲም በየተለያየ ጥልቀት ቅበሩና የእያንዳንዱን ድምፅ ለዩ። አሸዋው ከግንባታ መደብር የተገዛ ይሁን።